መስመሩ አንድ ሆኖ አያውቅም

ስልኩ የተደወለው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ገና ቁርስ ላይ ነኝ፣ የደወለችው አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሰራ ልጅ ነች። "ቁጥሩ እንደገና ተበላሽቷል፣ ሰው ተራ እየተሻማ ነው፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልን" አለችኝ። የወረፋ ቁጥር ማሳያ ነው፣ እኛ የሰራነው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ተራው የደረሰውን ሰው ቁጥር በቀይ ኤልኢዲ የሚያሳይ። ስደርስ 47 ማለት የነበረበት ሰሌዳ ቁጥር የማይመስል ነገር ላይ ቆሟል፣ የ4ቱ አንድ እግር ጠፍቷል፣ የ7ቱ ጭረት ወደ ጎን ተገፍቷል። ቁልፉ ሲጫን 48 በትክክል መጣ፣ 49ም መጣ፣ 50 ላይ እንደገና ተበላሸ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው "ልጄ፣ የኔ ተራ አልፎ ይሆን እንዴ?" አሉኝ። "አላለፈም እማማ፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ" ብዬ ሄጄ ጠየቅኩላቸው፣ የሳቸው 52 ነበር። ያቺ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም፣ ምክንያቱም የሰራሁት ነገር ምን እንደሆነ እኔው ራሴ ማወቅ አቅቶኝ በነበረበት ሰዓት ነው የጠየቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን 20 ቦርዶች፣ ማለትም የማሳያው ቺፖች የተሰኩባቸውን ሰሌዳዎች፣ ሰርተን ከአንድ አመት በላይ ያለ ምንም ችግር ሰርተዋል። ከዛ 2014 ላይ ሁለተኛ ዙር 14 ቦርድ ለመስራት ስንነሳ አለም ላይ ቺፕ የጠፋበት ጊዜ ነበር፣ የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ፣ ትላንት 1 ዶላር ያልሞላ ቺፕ ዛሬ ጭራሽ የለም ይሉሃል። ክሎኩን፣ ማለትም ቺፖቹ እርምጃቸውን የሚቆጥሩበትን ምት፣ የሚገፋው 74ኤችሲ125 ጠፋ፣ ቁጥሮቹን የሚይዘው 74ኤችሲ595ም ጠፋ፣ እኔም በምትካቸው 74ኤልቪሲ125 እና 74ኤኤችሲ595 አዘዝኩ። እግራቸው አንድ ነው፣ ስራቸው አንድ ነው፣ ዳታሺቱ ላይ እንደውም በሁሉም ነገር ከአሮጌዎቹ ይሻላሉ፣ ይፈጥናሉ፣ የበለጠ ከረንት ይሰጣሉ። የተሻለ ነገር አስገባሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እና አዲሶቹ ቦርዶች በየቦታው እንዲህ እያደረጉ አስቸገሩን፣ ሁሌ ቢበላሹ እንኳ ጥሩ ነበር፣ አንዳንዴ ነው እንጂ፣ አንዳንዴ የሚባል ብልሽት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ጠረጠርኩ፣ ከዛ ፓወር ሰፕላዩን፣ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ምንም። ከዛ መሃንዲስ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ፈጥኖበት ይሆናል ብዬ ክሎኩን ቀነስኩት። ከ4 ሜጋኸርዝ ወደ 1፣ ከ1 ወደ 100 ኪሎኸርዝ፣ መጨረሻ ላይ 10 ኪሎኸርዝ አደረስኩት፣ ይሄ እኮ በጣም ቀርፋፋ ነገር ነው፣ ግን ብልሽቱ ቅንጣት አልቀነሰም። ይባስ ብሎ ደግሞ የኦሲሎስኮፑን (የቮልቴጅን ውጣ ውረድ ስክሪን ላይ የሚያሳየው መሳሪያ) ፕሮብ፣ መለኪያ ጫፉን፣ ክሎኩ መስመር ላይ ሳስቀምጥ ይስተካከላል፣ ሳነሳው ይበላሻል። በጣቴ ስነካው ይስተካከላል። ጓደኛዬን ጠርቼ ሳሳየው "ጣትህን እዛ ላይ ለጥፈኸው ሂድ" ነበር ያለኝ።

እዚህ ጋ ነው ስንት አመት ተምሬ ያልገባኝ ነገር የገባኝ። እኛ "ፈጣን ሰርኪውት" ስንል ክሎኩን ነው የምናየው፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታል የሚለውን። መስመሩ ግን ክሎኩን አያውቀውም። መስመሩ የሚያውቀው ከዜሮ ወደ 3.3 ቮልት የሚወጣው ዳገት ምን ያህል ቀጥ ያለ እንደሆነ ነው፣ ራይዝ ታይም የሚባለውን። አሮጌው ኤችሲ ያንን ዳገት ለመውጣት 7 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ይፈጅበታል፣ አዲሱ ኤልቪሲ ግን በ1 ናኖሰከንድ አካባቢ ጨርሶታል። በሰከንድ አንዴ ብቻ ብትመታውም ያቺ አንዷ ምት በ1 ናኖሰከንድ ነው የምትነሳው። ክሎኩን ስቀንስ የቀነስኩት የምቱን ብዛት እንጂ የምቱን ስለት አልነበረም።

አሁን ፍጥነቱን እንይ። ብርሃን ባዶ ቦታ ላይ በ1 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ቦርዱ የተሰራበት ኤፍአር4 የሚባለው የፋይበርና የሬዚን ሰሌዳ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ከ4 ትንሽ ከፍ ይላል፣ የፍጥነቱ መቀነሻ ደግሞ የሱ ስኩዌር ሩት ነው፣ ስለዚህ ሰሌዳው ውስጥ የተቀበረ መስመር ላይ ሲግናሉ በናኖሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ላዩ ላይ ያለ ትሬስ (ቀጭን የመዳብ መስመር) ከሆነ ግማሽ ፊልዱ አየር ላይ ስለሆነ ትንሽ ይፈጥናል፣ 17 አካባቢ። የኔ ክሎክ ከቦርዱ አንድ ጫፍ ተነስቶ 30 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ሌላኛው ጫፍ ነው የሚደርሰው። ለመድረስ 2 ናኖሰከንድ ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ ደርሶ ለመመለስ 4 አካባቢ ማለት ነው። መመለስ ያልኩት ጫፍ የደረሰ ሞገድ ገደል እንደመታ ድምጽ ማሚቶ ሆኖ ስለሚመለስ ነው። ኤችሲው 7 ናኖሰከንድ እያዘገመ ሲወጣ ማሚቶው ሄዶ ተመልሶ ዳገቱ ገና አላለቀም፣ ስለዚህ ተደባልቆ ይጠፋል፣ አንድ አመት ሙሉ ችግሩ እዛው ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ኤልቪሲው ግን በ1 ናኖሰከንድ ጨርሶ ቆሟል፣ ማሚቶው ከሄደበት ሲመለስ ብቻውን ራቁቱን ነው የሚታየው። በዛ ላይ ኤኤችሲ595ቱ ከአሮጌው በጣም ፈጣን ጆሮ አለው፣ አሮጌው የማይሰማትን የ4 ናኖሰከንድ ጉድጓድ ይሄኛው አንዳንዴ እንደ አዲስ ክሎክ ይቆጥራታል። የሚናገረውም ፈጠነ፣ የሚያዳምጠውም ፈጠነ፣ መሃል ያለው መንገድ ግን ያው አሮጌው ነው።

በኔ ኦሲሎስኮፕ ግን ይሄ ሁሉ አይታይም። 100 ሜጋኸርዝ ነው፣ 0.35ን ለባንድዊድዙ ስታካፍል የራሱ የመሳሪያው ራይዝ ታይም 3.5 ናኖሰከንድ ይመጣል፣ 1 ናኖሰከንዱን እንዴት አድርጎ ያሳየኛል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ላብ የሚሰራ ወዳጄ የ500 ሜጋኸርዝ ስኮፕ ላይ ለአንድ ከሰዓት አስቀመጠኝ፣ እዛም መጀመሪያ ያየሁት ሁሉ ውሸት ነበር፣ ምክንያቱም ያቺ የፕሮቡ ጥቁር የግራውንድ ገመድ፣ አዞ ጥርስ ያላት፣ ራሷ 15 ሴንቲ ሜትር ሆና ራሷ ትንቀጠቀጣለች። አውልቀን ጫፉ ላይ አጭሯን ስፕሪንግ አድርገን ደግመን ስናይ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የመጣው፣ ሲግናሉ ከ3.3 አልፎ ወጣ፣ ከዛ ወደ ታች ተመልሶ መሃል ላይ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። አንድ ምት ሁለት ሆኖ።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሳሰራው እንደውም ገረመኝ። የኔ ቦርድ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ሁለት ሽፋን ነው፣ ትሬሱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ግራውንዱ፣ ዜሮ ቮልት የሆነው መዳብ፣ ከታች በኩል ነው። እንዲህ አይነት ቀጭን ትሬስ ከግራውንዱ እንደዛ ርቆ ሲቀመጥ ኢምፒዳንሱ፣ ሞገዱ ሲጓዝ የሚያየው ተቃውሞ፣ 130 ኦም አካባቢ ይመጣል። ኤልቪሲው ውስጡ ያለው ሪዚስታንስ 15 ኦም ገደማ ነው እንበል። 3.3 ቮልቱ በ15 እና በ130 መሃል ይከፋፈልና መስመሩ ውስጥ የሚገባው ሞገድ 2.96 ቮልት ይሆናል። ጫፍ ሲደርስ ተቀባዩ ቺፕ ምንም ያህል ከረንት ስለማይወስድ በሩ እንደተዘጋ ቤት ነው፣ ሞገዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ጫፉ ላይ እጥፍ ሆኖ 5.9 ቮልት ይደርሳል። የተመለሰው መነሻው ጋ ሲደርስ 15 ኦም ያገኛል፣ ከ130 ጋር አይመጣጠንም፣ ተገልብጦ 79 በመቶው ተመልሶ ይላካል። ጫፉ ጋ ሲደርስ እንደገና እጥፍ ሆኖ ቮልቴጁን ወደ 1.2 ያወርደዋል። የቺፑ መለያ መስመር፣ ከሱ በላይ አንድ ከሱ በታች ዜሮ የሚልበት፣ ግማሽ ላይ፣ 1.65 አካባቢ ነው። ወጣ፣ ወረደ፣ ተቆጠረ። በተግባር ቺፑ ውስጥ ያሉት መከላከያ ዳዮዶች የላዩን ጫፍ ይቆርጡታል፣ ግን መልኩ ያው ነው።

እዚህ ላይ ሁሉንም ሰው የሚያደናግር አንድ ነገር አለ፣ እኔንም አመታት አደናግሮኛል። ይሄ 130 ኦም የት ነው ያለው? በቴስተር ብትለካው ትሬሱ ዜሮ ነጥብ ምናምን ኦም ነው፣ ጫፉ ደግሞ ክፍት ነው። ታዲያ 130ው ከየት መጣ? መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከዲሽ ገመድ ነው፣ እናንተም ማድረግ ስለምትችሉ በዝርዝር ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የዲሽ ገመድ የሌለበት ቤት የለም፣ 10 ሜትር ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ክፍት ተዉት። ሌላኛውን ጫፍ ከ74ኤችሲ ጌት (ምቱን ከሚልከው ቺፕ) ጋር በሪዚስተር አገናኙት፣ የጌቱ የውስጥ ሪዚስታንስና የጨመራችሁት ተደምሮ 75 ኦም አካባቢ እንዲሆን። እዛው መነሻው ላይ ስኮፕ አድርጉ፣ ተራ የ50 ሜጋኸርዝ ስኮፕ ይበቃል። ምቱ ሲነሳ ወደ ላይ አይጨርስም፣ ግማሽ ላይ ይቆማል። ልክ ደረጃ ላይ እንደቆመ ሰው። 80 ናኖሰከንድ ገደማ እዛው ግማሽ ላይ ቆሞ ይጠብቅና ከዛ ሁለተኛውን ደረጃ ይወጣል። እዛ ገመድ ውስጥ ሲግናሉ ከብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ ገደማ ስለሚሄድ ያቺ 80 ናኖሰከንድ ሄዶ የመመለሻው ጊዜ ነች። አስቡት፣ ጫፉ ላይ ምንም የለም፣ ቴስተር ብታደርጉ ክፍት ነው የሚለው፣ ግን ለ80 ናኖሰከንድ ጌቱ የሚያየው በትክክል 75 ኦም ነው። ምክንያቱም ጫፉ ላይ ምን እንዳለ ገና አያውቅም። ወሬው አልደረሰውም። እሱ የሚያውቀው እግሩ ስር ያለውን ቁራጭ ብቻ ነው፣ ያንን ቁራጭ ቻርጅ ለማድረግ የሚያስፈልገውን ከረንት ነው የሚከፍለው፣ ከዛ የሚቀጥለውን ቁራጭ፣ ከዛ የሚቀጥለውን። ኢምፒዳንስ ማለት ይሄ ነው፣ ሞገዱ በየእርምጃው የሚከፍለው ቮልቴጅና ከረንት ያላቸው ዝምድና፣ የገመዱን ኢንዳክታንስ ለካፓሲታንሱ አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ስትወስድ የሚመጣው። 10 ሜትርም ይሁን 100 ሜትር ቁጥሩ አይቀየርም።

ከዛ ጫፉን ሾርት አድርጉት፣ ከ80 ናኖሰከንድ በኋላ ወደ ዜሮ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ቮልዩም አስገቡ፣ ያው ራዲዮ ላይ ያለውን አይነት፣ ሾርት ያደረጋችሁበት ቦታ ላይ፣ እና ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ሁለተኛው ደረጃ ይጠፋና መስመሩ ቀጥ ብሎ ዝም ይላል። ቮልዩሙን ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት። እኔ ጋ 74 ምናምን ነበር የወጣው፣ ገመዱ ላይ ደግሞ 75 ኦም ተብሎ ተጽፏል። ያኔ ለብቻዬ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ጮህኩ፣ እውነቴን ነው፣ በዩኒቨርሲቲ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሸመደድኩት ኢኩዌሽን አይኔ ፊት ሲንቀሳቀስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እና ይሄን ስል የማስበው ስለዛ ሴሚስተር ነው። እኛ ትራንስሚሽን ላይን ስንማር ሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ታወር ነው፣ የመብራት ሃይል መስመር። ኤሌክትሮኒክስ የመረጥነው ልጆች ከፈተና በኋላ ረሳነው፣ ይሄ የፓወር ልጆች ነገር ነው ብለን። ቅድም ያልኩት ጓደኛዬ፣ ጣትህን ለጥፍ ያለኝ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ላይ ነው የሚሰራው። አንድ ቀን ማኪያቶ ይዘን "የ30 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ምኑ ነው መስመር የሚባለው" አለኝ፣ ሶፍት አውጥተን ላዩ ላይ አሰላነው። ከህዳሴ ግድብ ተነስቶ በዴዴሳ በኩል ሆለታ የሚገባው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብርሃን ፍጥነት 2 ሚሊሰከንድ። የእኛ ሃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ መስመሩ የሞገዱን አንድ አስረኛ ነው የሚይዘው። የኔ ትሬስ 2 ናኖሰከንድ ገደማ፣ ዳገቱ 1 ናኖሰከንድ፣ ማለትም ሙሉው የዳገቱ ከፍታ ከታች እስከ ላይ ትሬሱ ላይ ተዘርግቶ ቦታ ይተርፈዋል። "እንዴ፣ ያንተ ከኛ ይረዝማል" አለ ሶፍቱን እያየ። አዎ ይረዝማል። በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በሞገዱ አይን ሲታይ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ትሬስ ከግድቡ እስከ ሆለታ ካለው መስመር በላይ ረጅም ናት። ከዛ እሱ ነው የነገረኝ፣ ረጅም መስመር ጫፉ ላይ ጭነት ሳይኖር ሲቀር ቮልቴጁ ከመነሻው በላይ ይወጣል፣ ፌራንቲ ኢፌክት ይሉታል፣ ለዛ ነው ሰብስቴሽን ላይ ሪአክተር የሚባል ትልቅ የሽቦ ጥቅል የሚያስቀምጡት። ክፍት ጫፍ፣ ከፍ የሚል ቮልቴጅ። የኔው 5.9 ቮልት እኮ ነው። ሁለታችንም አንድ ክፍል ተቀምጠን አንድ አይነት ፈተና ተፈትነን፣ አንድ ነገር እያወራን መሆኑን ያወቅነው ከስንት አመት በኋላ ማኪያቶ ላይ ነው፣ ይሄ ያናድደኛል፣ አስተማሪዎቹ ላይ አይደለም፣ ማንም ሰው ይሄን ሁለት ነገር አጠገብ ላጠገብ አለማስቀመጡ ላይ።

ይሄ እውቀት ከመነሻውም የተገኘው ገመድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 አትላንቲክ ውቅያኖስ ስር የተዘረጋው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ኬብል የንግሥት ቪክቶሪያን 98 ቃል መልእክት ለማሳለፍ 16 ሰዓት ፈጅቶበታል፣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ሞተ። እዛ የነበረው ችግር እንደኔ ማሚቶ አልነበረም፣ ኬብሉ ራሱ እንደ ትልቅ ካፓሲተር ሆኖ ምቱን ያንጠባጥበው ነበር፣ ግን ሰው ሽቦ ማለት ቧንቧ አይደለም ብሎ እንዲያስብ ያስገደደው እሱ ነው። ኦሊቨር ሄቪሳይድ የሚባል እንግሊዛዊ፣ በ16 አመቱ ትምህርት ያቆመ፣ የቴሌግራፍ ሰራተኛ የነበረ፣ ጆሮውም በደንብ የማይሰማለት ሰው፣ ስራውን ትቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የመስመር ኢኩዌሽኖቹን ያወጣው፣ ኢምፒዳንስ የሚለውን ቃልም በ1886 ያወጣው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ላብ የለንም፣ መሳሪያ የለንም ለሚሉኝ ልጆች ሁሌ የማነሳላቸው እሱን ነው።

ወደ ቦርዶቹ ልመለስ። 14ቱን ቦርድ እንደገና ለማሰራት ገንዘቡም ዶላሩም አልነበረም። ክሎኩ ከኤልቪሲው እንደወጣ ወዲያው ያለችውን ትሬስ በከተር ቆረጥኩ፣ ሁለት ቦታ ጫር ጫር አድርጎ መሃሏን መላጥ ነው፣ ከዛ አረንጓዴውን ቀለም በሁለቱም በኩል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ፋቅኩና መዳቡ ሲያበራ ትንሽ ሶልደር አስነካሁት፣ ክፍተቷ ላይ አንዲት ሪዚስተር። መጀመሪያ እጄ ላይ የነበረው 33 ኦም ነው፣ ሁሉም ሰው የሚያስገባው። ጉድጓዱ ከ1.2 ወደ 2.6 ቮልት ከፍ አለ፣ ብልሽቱ ጠፋ። ግን መስመሬ 130 ስለሆነ 33 አይበቃም፣ 15 እና 100 ሲደመሩ ናቸው የሚጠጉት፣ 100 አስገባሁ፣ ስኮፑ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣና እዛው ቆመ። ለአንዱ ቦርድ የገባው ሪዚስተር የሳንቲም ዋጋ ነው። ለምን መነሻው ጋ እንደሚቀመጥ ታያላችሁ አይደል፣ የመጀመሪያው ማሚቶ ይመለስ፣ ግን መነሻው ጋ ሲደርስ ራሱን የመሰለ ኢምፒዳንስ አግኝቶ እዛው ይለቅ፣ እንዳይመለስ።

ሪዚስተር ግን መድሃኒት ነው እንጂ ጤና አይደለም። የሚቀጥለውን ስሪት ስሰራ መንገዱን ራሱን ነው ዲዛይን ያደረግኩት፣ በተለይ ኢተርኔትና ዩኤስቢ ስለጨመርን ምርጫም አልነበረኝም፣ ዩኤስቢ በጥንድ 90 ኦም፣ ኢተርኔት 100 ኦም ይፈልጋል። ለነጠላ መስመር ሁሉም ሰው 50 ይላል፣ ለምን 50 ብላችሁ ካሰባችሁ ከኮአክሲያል ገመድ፣ ከዲሽ ገመድ አይነቱ፣ የመጣ ነው፣ አየር በሞላው ገመድ ላይ ትንሹ ብክነት 77 ኦም አካባቢ ነው፣ ትልቁን ሃይል የሚሸከመው ደግሞ 30 አካባቢ፣ 50 የመሃል ስምምነት ነው። የዲሽ ገመዱ 75 ደግሞ ለትንሹ ብክነት የቀረበ ነው፣ ትልቅ ሃይል ስለማይሸከም።

50 ኦም ለማምጣት ያለህ መሳሪያ ስፋትና ርቀት ነው። ትሬሱን ስታሰፋ ወይም ወደ ግራውንዱ ስታቀርበው ካፓሲታንሱ ይጨምራል፣ ኢምፒዳንሱ ይወርዳል። ኤፍአር4 ላይ ስፋቱ የርቀቱን እጥፍ ሲጠጋ 50 አካባቢ ትደርሳለህ። በአሮጌው ባለ ሁለት ሽፋን ቦርዴ ላይ ይሄ ማለት 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትሬስ ነው፣ ከቺፑ እግር ብዙ እጥፍ የሰፋ፣ አይቻልም። ባለ አራት ሽፋን ስታደርገው ግን ግራውንዱ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከትሬሱ ስር ይቀመጣል፣ ስፋቱም ወደ 0.35 ይወርዳል። አራት ሽፋን የሚገዛው ለመስመር ብዛት ይመስለኝ ነበር። ዋናው ነገር ቅርበት ነው፣ ሲግናሉ የሚመለስበት መዳብ እግሩ ስር መሆኑ።

እና አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፣ ርዕሱም ለዚህ ነው። ሰርኪውት ወረቀት ላይ ስንስል አንድ መስመር እንስላለን፣ ከዚህ ቺፕ እዛኛው ቺፕ፣ ግራውንዱን ደግሞ ሶስት ጭረት ያላት ምልክት አድርገን እንረሳዋለን። መስመር ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ከረንቱ ሲሄድ በዛችው ቅጽበት፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ሳይሆን በየእርምጃው፣ እኩል ከረንት ከስሩ ባለው መዳብ ይመለሳል፣ ሞገዱ የሚኖረው በሁለቱ መሃል ነው። ባላገር ታማሚ በቃሬዛ ሲሸከም አይታችሁ ከሆነ ልክ እንደዛ ነው፣ ሁለት ሰው እኩል ይራመዳል፣ ከአንደኛው እግር ስር ጉድጓድ ቢኖርና ዞሮ ለመሄድ ቢገደድ ሌላኛውም መቆም አለበት፣ ቃሬዛው ይንገዳገዳል። ቀርፋፋ ከረንት ሪዚስታንስ የሚያንስበትን አቋራጭ ይመርጣል፣ ፈጣን ከረንት ግን ኢንዳክታንስ የሚያንስበትን ነው የሚመርጠው፣ ያ ደግሞ ሁሌም ልክ ከትሬሱ ስር ነው፣ ትሬሱ ቢጠማዘዝ እሱም ይጠማዘዛል።

እኔ አሮጌው ቦርድ ላይ ምን አድርጌ ነበር? ግራውንዱን ሁለት ቦታ ከፍዬው ነበር፣ የዲጂታሉና የኤልኢዲው ሃይል እንዳይረባበሹ ብዬ፣ በጥሩ ሃሳብ። ክሎኩ ደግሞ በዛ ክፍተት ላይ ተሻግሮ ያልፋል። የተመላሹ ከረንት ክፍተቱ ጋ ሲደርስ የሚሻገርበት የለም፣ እስከ ቦርዱ ጠርዝ ዞሮ ነው የሚመጣው። እዛ ቦታ ላይ ኢምፒዳንሱ ይዘላል፣ ማሚቶ ይፈጠራል፣ ዙሪያውን የሄደው ከረንት ደግሞ አንቴና ይሆናል። ስፋት ብታሰላ፣ 50 ኦም ብታመጣ፣ ግራውንዱን ከስሩ ከነጠቅከው ያሰላኸው ነገር የለም። አዲሱ ላይ ግራውንዱን አንድ ወጥ አድርጌ ተውኩት፣ ምንም ክፍተት የለም፣ መስመር ከላይኛው ሽፋን ወደ ታችኛው በቪያ፣ ሽፋኖቹን በሚያገናኘው በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳ፣ በወረደ ቁጥር ደግሞ አጠገቡ የግራውንድ ቪያ አስቀመጥኩ፣ ተመላሹም አብሮ እንዲወርድ። የሌሎች ሰዎችን ቦርድ እንድገመግም ሲላክልኝ አሁን መጀመሪያ የምከፍተው የሲግናሉን ሽፋን አይደለም፣ የግራውንዱን ነው፣ ብቻውን አድርጌ አያለሁ፣ ቀዳዳውን ክፍተቱን፣ ብዙ ጊዜ በሽታው እዛ ነው የሚገኘው።

ቦርዱን ለቻይና ፋብሪካ ስናዝዝ "ኢምፒዳንስ ኮንትሮል" የምትል ምርጫ አለች፣ ዋጋ ትጨምራለች፣ ብዙዎቻችን ዘለን እናልፋታለን። ምን እንደምትገዙ ልንገራችሁ። ሳታዝዙ ፋብሪካው ቃል የሚገባላችሁ ስለ ስፋት ነው፣ ስታዝዙ ግን ስለ ኦም ነው፣ ብዙ ጊዜ ሲደመር ሲቀነስ 10 በመቶ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ስክሪን ላይ 0.35 ብዬ የሳልኩት መዳብ በአሲድ ሲበላ ጎኑ ቀጥ ብሎ አይቀርም፣ ታቹ ሰፍቶ ላዩ ጠቦ ነው የሚወጣው። ፕሪፕሬግ የሚባለው መሃል ያለው የመስታወት ጨርቅና ሬዚን ደግሞ ሲጋገርና ሲጨመቅ ሬዚኑ ፈሶ በመዳቡ ክፍተቶች ውስጥ ይገባል፣ ውፍረቱ ከወረቀቱ ይለያል። ለዚህ ነው በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ኩፖን የሚባል ቁራጭ የሚሰሩት፣ ከናንተ ቦርድ ጋር አብሮ የተጋገረ፣ አብሮ የተበላ፣ ላዩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ያለው። እሱን ቲዲአር በሚባል መሳሪያ ይለኩታል፣ ቲዲአር ማለት ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፣ የዲሽ ገመዱ ሙከራ ነው፣ ፈጣን ምት ልኮ ማሚቶውን ማዳመጥ፣ ማሚቶው በመጣበት ሰዓት ቦታውን፣ በከፍታው ደግሞ ኦሙን ማወቅ።

ፋይሉን ከላክን በሁለተኛው ቀን ከፋብሪካው አንድ ጥያቄ መጣ። በአጭሩ እንዲህ ይላል፣ በኛ ፕሪፕሬግ 0.35ቱ ወደ 48 ኦም ነው የሚያመጣው፣ 50 እንዲሆን ወደ 0.33 ብናጠበው ትስማማላችሁ ወይ። እኔ ያንን 0.35 ስንት ጊዜ አስልቼ፣ ስንት ካልኩሌተር አወዳድሬ፣ ለእያንዳንዱ መስመር በእጄ ያስተካከልኩት ነው። ከአንድ አመት በፊት ቢሆን ማነው ስፋቴን የሚነካው ብዬ እከራከር ነበር። አሁን ግን ስፋቱ የኔ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ የኔ 50ው ነው፣ በሁለቱ መዳብ መሃል ያለው፣ ስፋቱን ጨርቁንና አሲዱን የሚያውቀው ሰው ይወስን። እስማማለሁ ብዬ መለስኩለት። ቦርዶቹ ጉምሩክ አልፈው ሲመጡ ኩፖኑ ለብቻው በትንሽ ላስቲክ ታሽጎ አብሮ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ 49.6 ይላል። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከዛች ከተቆረጠ አሮጌ ቦርድ አጠገብ ነው ያለው።